ስድስት ቁልፍ ያለው የአርዱኢኖ ክራር

ክራር ለማይክሮኮንትሮለር (እንደ አርዱኢኖ ላለ በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ ኮምፒውተር) የተፈጠረ ይመስላል። አምስት ወይም ስድስት ክር አለው፤ ክሩ ከተቃኘ በኋላ እያንዳንዱ የራሱን አንድ ድምፅ ይሰጣል። ስለዚህ አንድ ክር አንድ ቁልፍ ይሆናል፣ ቅኝት መቀየር ደግሞ ኮዱ ውስጥ ካለ ሰንጠረዥ ሌላ ረድፍ መምረጥ ነው። መብራት ብልጭ ድርግም ማድረግ ለሰለቸው ጀማሪ ከዚህ የተሻለ ሁለተኛ ሥራ አይገኝም።

የሚያስፈልገው፦ አርዱኢኖ ኡኖ ወይም ናኖ፣ ብሬድቦርድ (ሽቦ ያለ ብየዳ የሚሰካበት ሰሌዳ)፣ ባለ አራት እግር ትንንሽ ቁልፍ 7፣ ፓሲቭ ባዘር (ትንሽ ድምፅ ማውጫ) 1፣ ባለ 220 ኦህም ሬዚስተር 1፣ ጃምፐር ሽቦ 20 ያህል፣ ዩኤስቢ ገመድ።

ባዘሩን ሳትፈትሹ አትሰኩ። አክቲቭና ፓሲቭ የሚባሉት መልካቸው ስለሚመሳሰል ሻጩም ይሳሳታል። በሬዚስተሩ በኩል 5 ቮልት ለአፍታ አስነኩት፤ ያለማቋረጥ ከጮኸ አክቲቭ ነው፣ ቀጭ ብሎ ዝም ካለ ፓሲቭ ነው። አክቲቩ ድምፁን የሚያመነጭ ዑደት በውስጡ ስላለው የፈለጋችሁትን ሄርዝ ብትልኩለት ያው አንዱን ጩኸት ነው የሚደግመው።

ስድስቱን ቁልፎች ከፒን 2 እስከ 7፣ ሰባተኛውን (የቅኝት መቀየሪያውን) ከፒን 9 ጋር አገናኙ። የእያንዳንዱ ቁልፍ ሌላኛው እግር ወደ ግራውንድ (ቦርዱ ላይ GND ተብሎ ወደተጻፈው ፒን) ይሄዳል። ከአራቱ እግሮች ሁለት ሁለቱ በውስጥ የተያያዙ ስለሆኑ በሰያፍ የሚተያዩትን ሁለቱን ተጠቀሙ፤ አለዚያ ቁልፉ ሳይነካ እንደተጫነ ሊቆጠር ይችላል። ባዘሩ አንድ እግሩ በሬዚስተሩ አልፎ ፒን 8 ላይ፣ ሌላው ግራውንድ ላይ። ሬዚስተሩን አትዝለሉት፦ የአንዳንዱ ፓሲቭ ባዘር ጥቅል ሽቦ ከ20 ኦህም በታች ነው፤ 5 ቮልት በቀጥታ ከደረሰው አንድ ፒን ሊሸከም ከሚችለው 40 ሚሊአምፔር በብዙ ያልፋል። ፒን 0 እና 1 ለዩኤስቢ ግንኙነት ስለሚያገለግሉ ባዶ ይቅሩ።

ኮዱ ውስጥ የሚገባው ሰንጠረዥ ይኸውና፣ በሄርዝ። ስድስተኛው ክር በሁሉም ቅኝት 523 ነው፤ የመጀመሪያው ክር ድምፅ በአንድ ኦክታቭ ከፍ ሲል ማለት ነው።

ትዝታ ሜጀር፦ 262፣ 294፣ 330፣ 392፣ 440
ትዝታ ማይነር፦ 262፣ 294፣ 311፣ 392፣ 415
ባቲ ሜጀር፦ 262፣ 330፣ 349፣ 392፣ 494
ባቲ ማይነር፦ 262፣ 311፣ 349፣ 392፣ 466
አምባሰል፦ 262፣ 277፣ 349፣ 392፣ 415
አንቺሆዬ፦ 262፣ 277፣ 349፣ 370፣ 440

ቁጥሮቹ የፒያኖ ልክ ናቸው። ክራር የለመደ ጆሮ በተለይ አንቺሆዬ ላይ ቅር ሊለው ይችላል፤ ሁለት ሦስት ሄርዝ እየጨመራችሁ እየቀነሳችሁ በጆሯችሁ አስተካክሉት።

ቁልፎቹን ሁሉ በኢንፑት ፑልአፕ (INPUT_PULLUP) ክፈቷቸው፤ ቦርዱ የራሱ ሬዚስተር ስላለው ከውጭ መጨመር አያስፈልግም። ንባቡ ግን ይገለበጣል፦ ያልተጫነ 1፣ የተጫነ 0። ብዙ ሰው ሽቦውን ነቅሎ እንደገና የሚሰካው ይህን ረስቶ ነው።

ቀጥሎ ያለው ነገር ነው መጫወቻውን ክራር ክራር የሚያሰኘው። ቁልፍ «ተጭኗል ወይ?» ብላችሁ ብቻ ከጠየቃችሁ ሉፑ (እየተደጋገመ የሚሠራው የኮዱ ክፍል) በሴኮንድ ሺህ ጊዜ ድምፅ የሚያወጣውን የቶን (tone) ትእዛዝ ያድሳል፣ ድምፁም ጣት እስኪነሳ እንደ መኪና ጡሩምባ ይጎተታል። ያለፈውን ንባብ አስቀምጡና ከ1 ወደ 0 በተቀየረባት ቅጽበት ብቻ ለ250 ሚሊሴኮንድ ድምፅ አሰሙ። ክር የተመታ ይመስላል። ከዚያ 20 ሚሊሴኮንድ ቆዩ፤ የቁልፉ ብረት ሲገጥም ስለሚነጥር አንዱ ጭነት ሦስት አራት ሆኖ ይነበባል። ይህችን ቆይታ ካልጨመራችሁ የቅኝት ቁልፉ ከትዝታ ተነስቶ ባቲን ዘሎ አምባሰል ላይ ሊያርፍ ይችላል። ቅኝት በተቀየረ ቁጥር ስድስቱን ድምፆች በተርታ አሰሙ፣ የት እንዳላችሁ በጆሮ ይታወቃል።

ሁለት ቁልፍ አብራችሁ ብትጫኑ አንዱ ብቻ ይሰማል። የቶን ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ከአንድ ድምፅ በላይ አያወጣም፤ ስለዚህ ግርፍ አትጠብቁ፣ ድርደራ ብቻ ነው።

ኮዱ ወደ ቦርዱ አልጫን ካለ በመጀመሪያ ገመዱን ቀይሩ፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ገመድ ቦርዱን ያበራዋል እንጂ ኮምፒውተሩ አያየውም። ርካሽ ቦርዶች ብዙውን ጊዜ የሲኤች 340 (CH340) ድራይቨር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ቦርዱን እንዲያውቀው የሚያደርግ ፕሮግራም፣ ይፈልጋሉ። ናኖ ከሆነና ፖርቱ እየታየ እምቢ ካለ፣ ከፕሮሰሰር ምርጫው አሮጌውን ቡትሎደር (Old Bootloader) ሞክሩ። ግማሾቹ ቁልፎች ብቻ ከሠሩ የብሬድቦርዱን የግራውንድ መስመር ተመልከቱ፦ በአንዳንድ ረጃጅም ቦርዶች መስመሩ መሃል ላይ ተቋርጧል፣ በአንድ አጭር ሽቦ ይቀጠላል።

ሁሉም ከሠራ በኋላ የጫማ ካርቶን ውስጥ ግጠሙትና ለባዘሩ ቀዳዳ ብሱለት፤ ድምፁ ይሰፋል። በፓወር ባንክ ስታስነሱት ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ቢጠፋ ኮዱን አትንኩ። የሚወስደው ኤሌክትሪክ ትንሽ ስለሆነ ፓወር ባንኩ ስልኩ ሞልቷል ብሎ ራሱን ዘግቶ ነው፤ የስልክ ቻርጀር ላይ ሰኩት።