«ዝና» ስንል የምንሳሳታቸው ነገሮች

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ቡና ላይ ስንቀመጥ «ዝና» ከአፋችን አይጠፋም። ግን ቃሉን ስንጠቀም ብዙ እንሳሳታለን።

የመጀመሪያው ስህተት «ዝና» እና «ዜና» አይገናኙም ብሎ ማሰብ ነው። ይገናኛሉ እንጂ! ምንጫቸው አንድ ነው፣ ግዕዝ። በግዕዝ «ዜና» ማለት ወሬ፣ ታሪክ፣ ስለ አንድ ሰው የሚነገር ነገር ነው፤ «ዜነወ» ደግሞ ነገረ፣ አወራ ማለት ነው። የነገሥታቱ ታሪክ «ዜና መዋዕል» የተባለው ለዚህ ነው፣ ገና ሬዲዮ ሳይታሰብ። ስለዚህ ዝና ያለው ባለቤቱ ጋ ሳይሆን ሰው አፍ ላይ ነው። የባቲን ገበያ ተመልከቱ። ሰኞ ሰኞ አፋሩ ግመሉን እየነዳ ከቆላ ይወጣል፣ አማራውና ኦሮሞው እህሉን ጭኖ ከደጋ ይወርዳል፣ ማታ ደግሞ ሁሉም ያየውን የሰማውን ይዞ ወደየቀዬው ይበተናል። የገበያው ዝና የወጣው በእነሱ ወሬ ነው።

ሁለተኛውን እኛ ወሎዎች በተለይ እንጠንቀቅ። «ዝና»ን «ዚና» ብሎ መጻፍ! «ዚና» ከአረብኛ የመጣ ነው፣ ትርጉሙም ዝሙት። ዝምድና የላቸውም። አንድን የተከበሩ ሼህ ለማመስገን ብላችሁ «ዚናቸው የወጣ» ብትሉ ከባድ ስድብ ነው የጻፋችሁት። እባካችሁ ከመለጠፋችሁ በፊት አንዴ አንብቡት።

«መጥፎ ዝና» የሚለውም ጆሮዬን ይቆረቁረኛል። ዝና ይወጣል፣ ይናኛል፣ ይገናል። ነገሩ ሲከፋማ አማርኛችን «ስሙ ጠፋ»፣ «ስሙ ጎደፈ» የሚል ቃል አለው፤ እሱን ተውነው ማለት ነው?

«ታዋቂ» እና «ዝነኛ»ም አንድ አይደሉም። ሌባም በሌብነቱ ይታወቃል። ተከታይ የበዛለትን ሁሉ ዝነኛ አትበሉት።

የመጨረሻው የፈረስ ስም ነው። ንጉሥ ሚካኤል «አባ ሻንቆ» ሲባሉ ሻንቆ ልጃቸው የሚመስለው ሰው አለ። አይደለም፣ ፈረሳቸው ነው። «አባ» እዚህ ጋ ጌታው፣ ባለቤቱ ማለት ነው፤ አፄ ቴዎድሮስም «አባ ታጠቅ»፣ አፄ ምኒልክም «አባ ዳኘው» የተባሉት በዚሁ ልማድ ነው። ፎካሪው የሚጠራው ይሄን ስም ነበር፣ የጀግናው ዝናም አብሮት ይዞራል።