አፍንጫን በጨው ውሃ ማጠብ፦ ከፑኔ ይዤው የመጣሁት ልማድ

መስከረም ሲጠባ ሰው ሁሉ አደይ አበባ ያያል፤ እኔ አስነጥሳለሁ። ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ አስር ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። አፍንጫዬ ይዘጋል፣ ዓይኔ ያሳክከኛል፣ ላንቃዬን በምላሴ ስፈትግ እውላለሁ። እኛ ዘንድ አፍንጫው ያስቸገረው ሁሉ «ሳይነስ አለብኝ» ይላል። የእኔን ሐኪም አይቶ የአፍንጫ አለርጂ ነው አለኝ። ይህን መለየት ይጠቅማል፤ አለርጂ በአንቲባዮቲክ አይድንም።

ለማስተርስ ሕንድ፣ ፑኔ ሁለት ዓመት ኖሬአለሁ። እዚያም ዝናቡ እንደኛው ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ግድግዳው ይሻግታል፣ ልብስ አይደርቅም። ሕመሜ ባሰብኝ። ያከራዩኝን እናት «ካኩ» እላቸው ነበር፤ በማራቲ የአጎት ሚስት ማለት ነው። አንድ ጠዋት ማስነጠሴን ከታች ቤት ሰምተው፣ ቀጭን አፍ ያላት ትንሽ የመዳብ ዕቃ ይዘው መጡ። በአዩርቬዳ፣ በሕንዶች ባህላዊ ሕክምና፣ አፍንጫ የራስ በር ነው ይባላል። በሩ ይጠረግ፣ ከዚያ ይቀባ፤ ያስተማሩኝ ይህንን ነው።

መጥረጉን ጃላ ኔቲ ይሉታል። ካመጣሁት ሁሉ ከልቤ የማምንበት እሱን ነው። አቧራውንና የአበባ ብናኙን ከነንፍጡ አጥቦ ያወጣል። አለርጂውን ከሥሩ አይነቅልም፤ ቀኑን ግን ያቀልልኛል።

ከሁሉ በፊት ውሃው። የቧንቧ ውሃ በቀጥታ አፍንጫ ውስጥ አይገባም፣ በፍጹም። ቢጠጡት የማይጎዳ፣ በአፍንጫ ሲገባ ግን አንጎል ድረስ ዘልቆ የሚገድል ናግሌሪያ የሚባል አሜባ አለ። የሚይዘው ጥቂት ሰው ነው፤ ከያዘ ግን የሚተርፍ እምብዛም የለም። ስለዚህ ውሃው ይፈላ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር ስለሚበልጥ ውሃ ገና 92 ዲግሪ ግድም ላይ ይንተከተካል። መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ይቆይ። የታሸገውንም ውሃ ቢሆን አፈላዋለሁ። ከዚያ ተከድኖ ለብ እስኪል ይቀዝቅዝ። አንጓዬ ላይ ጠብ አድርጌ እሞክረዋለሁ፤ ሙቀትም ቅዝቃዜም ካልተሰማኝ ደርሷል።

ለግማሽ ሊትር ውሃ 4.5 ግራም ጨው ይበቃል፤ በሻይ ማንኪያ ሦስት አራተኛ ያህል፣ ሳይቆለል። አንድ ቀን ቸኩዬ ያለ ጨው ሞከርኩ፤ ግንባሬ ድረስ አቃጠለኝ፣ ዕንባዬ ወረደ። አዮዲን የሌለው ንጹሕ ጨው ቢገኝ ይሻላል። አሞሌ ግን አይሆንም፣ አፈር አለበት። ይህ ሁሉ ጣጣ ከሆነባችሁ ፋርማሲ 0.9 በመቶ ኖርማል ሳላይን የሚባል የተዘጋጀ የጨው ውሃ ይሸጣል፤ ለብ አድርጎ መጠቀም ነው።

የመዳቧ ዕቃ ከሌለች አፏ ቀጭን የሆነ ትንሽ በራድ ትሆናለች፤ ለዚህ ብቻ ትቀመጥ። መታጠቢያው ላይ ጎንበስ በሉ። ራሳችሁን ወደ ጎን አዘንብሉ። አፋችሁን ከፍታችሁ በአፍ ብቻ ተንፍሱ። የበራዷን አፍ ከላይ ባለው ቀዳዳ አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ፤ ውሃው በታችኛው ይወጣል። አትናገሩ፣ አትዋጡ። ግማሹን በአንዱ፣ ግማሹን በሌላው። ሲያልቅ ወደፊት አጎንብሳችሁ ውሃው ይውረድ፤ ከዚያ በቀስታ ተናፈጡ፣ ሁለቱንም ቀዳዳ ይዛችሁ ግን አይደለም፤ ውሃው ወደ ጆሮ ይሄዳል። በራዷን በፈላ ውሃ አጥባችሁ ክፍቷን አድርቋት። አፍንጫው ጨርሶ ተደፍኖ ከሆነ፣ ጆሮ የሚያም ከሆነ፣ ወይም በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ከነበረ ይቅርባችሁ።

መቀባቱ ናስያ ይባላል። ሐኪሞቻቸው በዕፅዋት የተቀመመ የሰሊጥ ዘይት በአፍንጫ ያንጠባጥባሉ። እኔ አላንጠባጥብም። ዘይት እየደጋገመ ወደ ሳንባ ከወረደ የሳንባ ምች ያመጣል። ከታጠብኩ ከአንድ ሰዓት በኋላ በትንሿ ጣቴ ጫፍ ንጹሕ የሰሊጥ ዘይት አስነክቼ የቀዳዳውን ከንፈር ብቻ አብሳለሁ። ለደረቅ አየር ደህና ነው። ለሕፃን፣ ሰሊጥ ለማይስማማውም ሰው፣ አይሆንም።

የወጥ ቤቱ ነገር ደስ የሚለኝ ቅመሙ የኛው ስለሆነ ነው። ካኩ አጅዋይን የሚሉት ነጭ አዝሙድ ነው። በምጣድ አሙቀው፣ በጨርቅ ቋጥረው ያሸትቱታል። ማታ ማታ እርድና ቁንዶ በርበሬ የገባበት ትኩስ ወተት ያጠጡኝ ነበር። እርጎ ማታ ይከለክሉኝ ነበር፤ አክታ ያበዛል ይላሉ። ወተቱ ጉሮሮ ያሞቃል፣ እንቅልፍ ይጋብዛል። ለአለርጂው መድኃኒት ነው ብዬ ግን አልነግራችሁም። እርዱን ሥሩን ገዝታችሁ አስፈጩ፤ ዱቄቱ እንዲያምር እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ያለበት ቀለም የሚቀላቅሉ አሉ።

የአዩርቬዳ ክኒንና የታሸገ ዱቄት ግን አልነካም። እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ውስጥ በወጣ ጥናት፣ በኢንተርኔት ከተሸጡ 193 የአዩርቬዳ መድኃኒቶች አንድ አምስተኛ ያህሉ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቶባቸዋል። ከሕንድ የሚመጣ ዘመድ «ላምጣልሽ?» ሲለኝ አይ እላለሁ። እርጉዝ ሴትማ ጨርሶ አትንካው።

ሐኪም ያዘዘላችሁን የአፍንጫ ስፕሬይ አትጣሉ። እኔም እጠቀማለሁ፤ መስከረምና ጥቅምት በየቀኑ፣ ሳላቋርጥ። መጀመሪያ እታጠባለሁ፣ ከዚያ እነፋለሁ፤ ከተገለበጠ ውሃው መድኃኒቱን ይዞት ይወጣል። በአንድ ወገን ብቻ የሚዘጋ፣ የሚደማ፣ ትኩሳት ያለው ወይም ደረት የሚያፍን ከሆነ ግን በራዷን አስቀምጣችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።