ኢንቨርተሩ ሲያፏጭ መጀመሪያ መስመሩን እዩ

ከደሴ ወደ ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ አንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ጣሪያው ላይ ሶላር አለው። የሶላሩን ዲሲ ወደ ኤሲ ቀይሮ ወደ መብራት መስመሩ የሚልከው ኢንቨርተር ጠዋት ሰላም ነው። ረፋዱ ላይ ፀሐይዋ ስትበረታ ቀጭን ፉጨት ያሰማል፤ ትንሽ ቆይቶ ይቆርጣል። ኤሌክትሮኒክ ካርዱ ተቀይሮለት ነበር፣ አልዳነም። እኔም ስሄድ መጀመሪያ የከረንት ኮንትሮለሩን ጌይን (ለስህተት ምን ያህል በኃይል እንደሚመልስ) ጨመርኩ። ባሰበት።

ከዚያ ሞገዱን በስክሪን የሚያሳየውን ኦሲሎስኮፕ አወጣሁ።

ፉጨት፣ ሞገዱም ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ የደቀቀ ንዝረት

ይሄ የፊልተሩ ሬዞናንስ ነው፤ የኢንቨርተሩን ሞገድ የሚያጠራው የጥቅልና የካፓሲተር ፊልተር በራሱ ፍሪኩዌንሲ ሲንዘር ማለት ነው። ኮንትሮለሩ የሚስተካከለው መስመሩ ጠንካራ ነው ተብሎ ነው። እዚህ ግን ትራንስፎርመሩ ሩቅ፣ ሽቦው ቀጭን ነው። የመስመሩ ኢንደክታንስ (የከረንት ለውጥን የሚቃወምበት ባሕርይ) ከፊልተሩ ጋር ሲደመር የሬዞናንሱ ፍሪኩዌንሲ ይወርዳል። ኮንትሮለሩ ደግሞ ለክቶ፣ አስልቶ፣ እስኪያዝዝ ድረስ አንድ ተኩል ናሙና ያህል ይዘገያል፤ አንድ ናሙና በሁለት ልኬቶች መካከል ያለው ጊዜ ነው። ዥዋዥዌ ላይ ያለን ልጅ ለማቆም ብላችሁ ዘግይታችሁ ብትገፉት ጭራሽ ከፍ ይላል፤ እንደዚያው ነው።

ወደ መስመሩ የሚወጣውን ከረንት የሚለካ ኢንቨርተር ከሆነ የመረጋጋቱ ድንበር የናሙናው ፍሪኩዌንሲ አንድ ስድስተኛ ነው። በ10 ኪሎ ኸርዝ ናሙና 1,667 ኸርዝ አካባቢ ማለት ነው። ሬዞናንሱ ከዚያ በታች ከወረደ ያለ ማርገቢያ (ንዝረቱን የሚያበርድ ነገር) በቀላሉ አይረጋም።

መፍትሄው ጌይኑን መቀነስ ነው፤ ከዚያ የካፓሲተሩን ከረንት ለክቶ ወደ ኮንትሮለሩ የሚመልስ ማርገቢያ ማብራት። ይህ ከሌለ ከካፓሲተሩ ጋር ሬዚስተር በተከታታይ ይገባል፤ መነሻው በሬዞናንሱ ፍሪኩዌንሲ ላይ ካለው የካፓሲተሩ ኢምፒዳንስ (ለኤሲ ከረንት ያለው ተቃውሞ) ሲሶ ያህል ነው። ግን ይሞቃል፣ ኃይልም ይበላል። እኔ የካፓሲተሩን ከረንት የሚለካውን እመርጣለሁ። ወርክሾፑ ውስጥ ጌይኑን በግማሽ ስቀንሰው ፉጨቱ ወዲያው ጠፋ።

ፉጨት የለም፣ ግን ኃይሉ ሲጨምር ከረንቱ ቀስ እያለ ይዋዥቃል

ጥፋቱ ፒኤልኤሉ ላይ ሊሆን ይችላል፤ የመስመሩን ቮልቴጅ እየተከተለ ጊዜውን የሚይዘው ክፍል ነው። በደካማ መስመር ኢንቨርተሩ የሚለቀው ከረንት ራሱ ያንን ቮልቴጅ ያንቀሳቅሰዋል። በመገናኛው ላይ ያለው የሾርት ሰርኪት አቅም (ሽቦዎቹ ቢነካኩ መስመሩ ሊሰጥ የሚችለው) ከኢንቨርተሩ አቅም 3 እጥፍ በታች ከሆነ መስመሩ ደካማ ይባላል። ፒኤልኤሉን ቀርፋፋ አድርጉት።

250 እና 350 ኸርዝ ላይ ሃርሞኒክ

ሃርሞኒክ የመስመሩ 50 ኸርዝ ብዜት የሆነ ተደራቢ ሞገድ ነው። ኢንቨርተሩን አጥፉና ቮልቴጁን ለኩ። ቮልቴጁ ያኔም ከተበላሸ ችግሩ ከውጭ ይመጣል፤ እንደ ኮምቦልቻ ፋብሪካ በበዛበት ከተማ ይሄ መጠርጠር ያለበት ነው። ንጹሕ ከሆነ ከረንቱ ዜሮን ሲያልፍ ተመልከቱ። እዚያ ጋ ጠፍጠፍ ካለ የስዊቾቹ የሙት ጊዜ (ሁለቱም ስዊቾች የሚጠፉበት ቅጽበት) ነው፤ ማካካሻውን አስተካክሉ።

በኮንትሮለሩ ዲኪው እይታ (ከመስመሩ ሞገድ ጋር አብሮ የሚዞር የሂሳብ እይታ) 100 ኸርዝ ካያችሁ ፌዞቹ አልተመጣጠኑም። 50 ኸርዝ ከሆነ የከረንት ሴንሰሩ ዜሮው ተዛንፏል፤ ዜሮውን አስተካክሉ።

አደራ፣ ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት ሁሉንም አጥፉና ካፓሲተሮቹ እስኪራገፉ ጠብቁ፤ በሜትርም አረጋግጡ። ከጥገና በኋላ የጎረቤት ወፍጮ ሲሠራም ሲቆምም ሞክሩት፤ መስመሩ በሁለቱ ሰዓት አንድ አይደለም። የቀየራችሁትን ቁጥር ከነቀኑ ጽፋችሁ በሩ ውስጥ ለጥፉት፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ካርድ እንዳይቀይር።