«ደህና ነኝ» የምትል እናትን ይዞ ሐኪም ፊት መቅረብ

ጎንደር ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። ታማሚ ሐኪም ፊት ምን ማለት እንዳለበት አውቃለሁ ብዬ እኮራ ነበር፤ እናቴን ከደንቢያ አምጥቼ የአስታማሚ ወንበር ላይ እስክቀመጥ ድረስ። ሐኪሙ «እማማ፣ እንዴት ነዎት?» አሏት። ብድግ ብላ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። እርስዎስ፣ ቤተሰብዎስ?» አለች። ሌሊቱን ሆዷን ይዛ ስትገላበጥ ያደረች ሴት ናት! ሐኪሙም ካርዱ ላይ አንድ ነገር ጻፉ። እንዲህ ሲሆን ቶሎ ብላችሁ «ይህ ሰላምታው ነው፤ ሕመሙን አሁን ትነግርዎታለች» በሉ።

ዝግጅቱ የሚጀምረው ቤት ነው። በዋዜማው ቡና እየተጠጣ «ከሁሉ የሚያስጨንቅሽ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁና በራሷ አነጋገር ጻፉት። እኛ የምትጨነቀው ለሕመሙ መስሎን ነበር። እሷ ግን የፈራችው ለጥምቀት ሳትደርስ አልጋ ላይ መዋልን ነው። የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ያዙ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የተገዛውንም፣ ዳማ ከሴውንም፣ ፌጦውንም። ሐኪሙ ቢቆጡ ይቆጡ፤ ከመደበቅ ይሻላል።

ክፍሉ ውስጥ ታማሚዋ ከሐኪሙ አጠገብ ትቀመጥ፣ እናንተ ከኋላ ሁኑ። ሐኪሙ እናንተን እያዩ ከጠየቁ አትመልሱ፣ ወደ እሷ ዙሩ። ይህ ከሁሉም ይከብዳል፤ እኔማ ምላሴን ነክሼ ነው የቻልሁት።

ለሕመሙም ስም ከማውጣት በጣት ማሳየት ይበልጣል። እናቴ «ልቤን ያመኛል» ትላለች። በእኛ አነጋገር «ልቤን» ያለ ሰው ሆዱን ከላይ በኩል እያመመው ሊሆን ይችላል፤ «ኩላሊቴን» የሚለውም ብዙ ጊዜ ወገቡን ነው። መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ የልብ ምርመራ ታዘዘላት፣ ገንዘቡ ተከፈለ፣ ልቧም ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። በሌላ ቀን፣ በሌላ ቦታ፣ «በጣትሽ አሳዪያቸው» ስላት ከቀኝ ጎድኗ ሥር ተጫነች። ጾሙ ሳይገባ ቅቤ የበዛበት ወጥ በበላች ቁጥር እንደሚነሳባትና ወደ ቀኝ ትከሻዋ እንደሚወጣም ተናገረች። አልትራሳውንዱ የሐሞት ከረጢት ጠጠር አሳየ።

ጎንደር የጤና ባለሙያ ማሠልጠን ከጀመረች ሰባ ዓመት አልፏታል፤ ስለዚህ አልጋ ዙሪያ ተማሪ ቢከብባችሁ አይግረማችሁ። ማን ለመማር፣ ማን ለማከም እንደመጣ መጠየቅ ነውር አይደለም። በእንግሊዝኛ ከተነጋገሩም «ለእሷ በአማርኛ ይንገሩልን» በሉ።

ውጤቱ እንደመጣ ወንድሜ ሐኪሙን ወደ ኮሪደሩ ስቦ «ለእሷ እንዳይነግሯት» አላቸው። ፍቅር መሆኑን አውቃለሁ፤ መርዶን ጎህ ሲቀድ በሽማግሌ የምናረዳ ሰዎች ነን። እኔ ግን ገብቼ «ውጤቱን አንቺ ትሰሚዋለሽ ወይስ እኛ እንስማልሽ?» አልኋት። «ሆዱ የማን ነው?» አለችኝ። «ለልጄ ንገሩት፣ እኔ አልሰማም» የሚል ታማሚም አለ፤ እሱም መርጧልና አታስገድዱት። ጥያቄው ግን አስቀድሞ፣ ውጤቱ ሳይመጣ ቢነሳ ይሻል ነበር።

ሐኪሙ የሐሞት ከረጢቱ በቀዶ ጥገና ይውጣ አሉ። እናቴ «ጥምቀትን ሳላይ አልቀደድም» አለች። ወንድሜ ተቆጣ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 20፣ እንደ ግዴታ ክትባት ያለ ለሕዝብ ጥቅም የታዘዘ ነገር ካልሆነ በቀር፣ ሰው ምርመራንም ሕክምናንም አልፈልግም ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። ሕግ መጥቀስ ግን አላስፈለገንም፤ መጠየቅ በቃ። ሌላ አማራጭ አለ? ብንቆይ ምን ይመጣል? ምን ስናይ እንሩጥ? የጤና መድኑስ ይሸፍነዋል? ሐኪሙ ወንበራቸውን ወደ እሷ አስጠግተው ሕመሙ ሊመለስ እንደሚችል፣ ለጊዜው ግን አጣዳፊ እንዳልሆነ ነገሯት። ትኩሳት ከመጣ፣ ዓይኗ ቢጫ ከሆነ ወይም ሕመሙ ለሰዓታት አልለቅ ካለ ጥምቀትም ቢሆን እንድትመጣ አስጠነቀቋት። ሦስቱንም በወረቀት አስጻፍሁ።

ከመውጣታችሁ በፊት ታማሚዋ የመድኃኒቱን አወሳሰድ በራሷ አፍ ትድገመው። በቀን ሦስት ጊዜ የሚዋጥ ማስታገሻ ታዝዞላት ነበር። «እንዴት ነው የሚወስዱት?» ሲሏት «ሦስቱንም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፤ እስከዚያማ ጾም ነው» አለች። ሐኪሙ ሳቁና በቀን ሁለት ጊዜ በሚወሰድ ቀየሩላት፤ አንዱን በዘጠኝ ሰዓት ከምግቧ ጋር፣ ሌላውን ማታ። ባትደግመው ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር።

ወረቀቱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ድረስ ሄደች። ቀዶ ጥገናው የተሠራላት በጥር መጨረሻ ነው። የስምምነት ቅጹን እንድፈርም ለእኔ ዘረጉልኝ። የአሻራውን ቀለም ወደ እሷ ገፋሁት።