ደሴ ላይ ትንሽ የማጫወቻ ጥገና ቤት ለመክፈት ላሰበ

ስልክ ያለው ሰው በዝቷል፣ እውነት ነው። ግን እረኛው ትከሻው ላይ የሚያንጠለጥላት፣ እናቶች ምድጃ አጠገብ የሚያስቀምጧት ሚሞሪ የምትጎርስ ትንሽ ማጫወቻ ወሎ ውስጥ አሁንም አለች። ትወድቃለች፣ ዝናብ ይመታታል፣ ጠጋኝ ትፈልጋለች። እኔ ደሴ ላይ በዚህ ሥራ ቆይቻለሁ፤ ለመጀመር ካሰብክ የማውቀውን ልንገርህ።

ከሁሉ በፊት ይቺን ያዝ፦ ካቻቢቴ ከማንሳትህ በፊት ሚሞሪው ውስጥ ያለውን ድምፅ ወደ ኮምፒውተር ገልብጥ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት እናት "ልጄ፣ ዝም አለብኝ" ብለው ማጫወቻቸውን አመጡልኝ። ሚሞሪውን ኮምፒውተር ላይ ሰካሁት፣ ፎርማት ላድርገው፣ ማለትም ያለውን ሁሉ ላጥፋው ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ እሺ አልኩት፣ አዳዲስ መንዙማ ሞላሁበትና ደስ ብሎኝ ሰጠኋቸው። እሳቸው የሚፈልጉት ግን የሟች ባለቤታቸውን ድምፅ ነበር፤ መውሊድ ላይ መንዙማ ሲሉ ልጃቸው በስልክ የቀዳው። ሌላ ቅጂ የለም። "አብሽር ልጄ፣ አላህ ያለው ነው" ብለው እኔኑ አጽናንተውኝ ሄዱ። ያን ቀን ሱቁን በጊዜ ዘጋሁ።

ስለዚህ ኮምፒውተሩ ፎርማት ሲልህ እምቢ በል። ፎቶሬክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ስሙ ፎቶ ይበል እንጂ የድምፅ ፋይልም ያወጣል። የሚያወጣውን ወደ ኮምፒውተሩ አስቀምጥ። ወደዚያው ሚሞሪ ከመለስከው ገና ያልዳነው ላይ ይጻፍበታል። የፋይሎቹ ስም ስለሚጠፋ ደንበኛው ቁጭ ብሎ እየሰማ ይለይ። ጊዜ ይፈጃል፣ ግን የራሱን ሰው ድምፅ ከራሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

በሚሞሪ በኩል ሁለት ነገር ደጋግሞ ይገጥምሃል። አንደኛው፣ ብዙዎቹ ርካሽ ማጫወቻዎች የሚያነቡት ፋት 32 የሚባለውን የፋይል አደረጃጀት ብቻ ነው፤ 64 ጊጋ ሚሞሪ ደግሞ ከፋብሪካ የሚመጣው ኤክስፋት በሚባል ሌላ አደረጃጀት ስለሆነ ዝም ይላሉ። ሚሞሪው ደህና ነው፤ ውስጡን ገልብጠህ ወደ ፋት 32 ቀይረው እንጂ አዲስ አትሽጥበት። ሌላው፣ በስልክ የተቀዳ ድምፅ ብዙ ጊዜ ኤምፒ3 አይደለም፤ ወደ ኤምፒ3 ቀይረህ ስጠው።

ዕቃ ብዙ አያስፈልግህም። መበየጃና ሊድ፣ ቴስተር፣ ትንንሽ ካቻቢቴዎች፣ ወረንጦ፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ አልኮል፣ ሚሞሪ የሚያነብ ኮምፒውተር። የንግድ ፈቃዱን ከመክፈትህ በፊት ጨርስ።

አሁን ወደ ባትሪው። አብዛኞቹ ትንንሽ ማጫወቻዎች የሚጠቀሙት የድሮ ኖኪያ ባትሪ ነው፣ ቢኤል-5ሲ የሚባለው። ላዩ ላይ 3.7 ቮልት ይላል፤ ሲሞላ 4.2 ይደርሳል። ቻርጅ አድርገህ ስትለካው 4 እና ከዚያ በላይ አሳይቶ፣ ማጫወቻው ሲከፈት ወዲያው ወደ 3 ከወረደ ባትሪው ደክሟል ማለት ነው። ያበጠ ባትሪ ከመጣልህ አትጫነው፣ አትብሳው፣ "ትንሽ ቢሠራ" እንኳ መልሰህ አትግጠመው። እሳት ሊያስነሳ ይችላል፣ ማጫወቻውን ደግሞ ልጆች ትራስ ሥር ያስተኙታል።

ባትሪው ደህና ሆኖ ቻርጅ ካልያዘ የቻርጀሩን ቀዳዳ እይ። ገመዱ እየተጎተተ ቀዳዳው ከቦርዱ ይነቀላል። ከመበየድህ በፊት በአጉሊ መነጽር ተመልከተው፤ የቦርዱ መዳብ አብሮ ተልጦ ከሆነ ቀጭን ሽቦ መዘርጋት አለብህ፣ ሊድ ብቻ ብትከምርበት በሳምንቱ ይመለስልሃል።

ድምፅ ማስተካከያው ሲዞር የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ግን ደስ ይበልህ፣ ቀላል ነው። ገጠር ቤት ውስጥ የማገዶ ጭስ ይገባበታል። ስትከፍተው ቡናማ፣ እጅ ላይ የሚጣበቅ ጥቀርሻ ታያለህ። ኮንታክት ክሊነር የሚባለውን የኤሌክትሪክ ዕቃ ማጽጃ ጠብ አድርግበትና ከዳር እስከ ዳር ሃያ ሠላሳ ጊዜ አዙረው፣ መንኮሻኮሹ እየቀነሰ ሲሄድ በጆሮህ ትሰማዋለህ። ክሊነር ከሌለህ አልኮልም ይሆናል፣ የፋርማሲው ግን ውሃ ስላለበት ሳይደርቅ ባትሪ አትግጠም። በክረምት፣ ደሴ ጉም ስትለብስ፣ እኔ እስከ ማግሥቱ አሳድረዋለሁ።

ካሴትም ይመጣል፣ አትመልሰው። የድሮ አምባሰል የተቀዳበት፣ የሠርግ ድምፅ ያለበት፣ ሰው ሣጥን ውስጥ ያኖረው። ከማጫወትህ በፊት ከካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ስበር፣ በስህተት እንዳይቀዳበት። የቴፑን ሄድ፣ ካሴቱን የሚያነበውን ብረት፣ በአልኮል ጥረግ፣ ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተሩ ገመድ ሳብና ቅዳ። የ60 ደቂቃ ካሴት 60 ደቂቃ ይወስዳል፣ አቋራጭ የለውም። ዋጋህንም በዚያ ልክ ተናገር።

ዋጋ ስል፣ ሳትከፍት ተናገር። ከፍተህ ሌላ ብልሽት ካገኘህ ደውል፣ ሳይፈቀድልህ አትቀጥል። ደብተር ላይ ስም፣ ቀን፣ ሚሞሪ አለው ወይስ የለውም ብለህ ጻፍ፤ "ሚሞሪ ነበረው" "አልነበረውም" የሚባል ጭቅጭቅ ዝምድና ያፈርሳል። ስትመልስ በራሱ ሚሞሪ ፊቱ ላይ አጫውተው፣ በአንተ አይደለም።

የባቲ ሰዎች ዕቃ ካለህ ደግሞ እሑድ ማታ ጨርሰህ አሽገው። ሰኞ ገበያቸው ነው፤ ሰው ልከው የሚያስወስዱት ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ነው።