ጣሪያ ሥር ክፍል፣ ከኋላ ቅጥያ፦ ለባለ አንድ ወለል ቤት የሁለቱ ሥራ አንድ እቅድ

ባለ አንድ ወለል ቤት ሲጠብ ማስፊያው ሁለት ነው፤ ወደ ላይ ጣሪያው ሥር፣ ወይም ወደ ኋላ ጓሮው ላይ። ብዙ ሰው ቅጥያውን ዘንድሮ፣ የላዩን ደግሞ ገንዘብ ሲገኝ ብሎ ያቅዳል። ግንባታው በሁለት ዙር መሆኑ ችግር የለውም፤ ስሌቱ ግን አንድ ይሁን። ሁለቱም ሥራ የሚገናኘው የኋለኛው ግድግዳ ላይ ነውና፤ ቅጥያው ያንን ግድግዳ ያስከፍተዋል፣ የላዩ ክፍል ደግሞ ሸክሙን እዚያው ይጭናል።

መጀመሪያ ባትሪ ይዘው ጣሪያው ውስጥ ይግቡ። ወራጆቹ ከቁንጮው እስከ ግድግዳው ወርደው መሃሉ ባዶ ከሆነ ጥሩ ነው። መሃሉ በአግድምና በሰያፍ እንጨቶች የተሞላ፣ ትራስ (truss) የሚባለው አሠራር ከሆነ ግን አንዱንም እንጨት አይንኩ። የትራስ እንጨቶች እርስ በርስ ተጓትተው ነው የሚቆሙት፤ አንዱ ሲቆረጥ ጣሪያው ይረግባል፣ ግድግዳውንም ወደ ውጭ ይገፋል። ሥራው አይቻልም ማለት አይደለም፤ ሸክሙን የሚረከቡ የብረት ቢሞች (አግዳሚ ተሸካሚዎች) አስቀድመው መግባት አለባቸው፣ ወጪውም በዚያው ልክ ይጨምራል።

ቀጥሎ ከኮርኒሱ እንጨት አናት እስከ ቁንጮው ሥር ይለኩ። እዚህ ላይ ነው ዓይን የሚያታልለው። 8 ሜትር ስፋት ያለው ቤት ጣሪያው 35 ዲግሪ ቢዳፋ መሃሉ ላይ 2.80 ሜትር ይሆናል። አዲሱ ወለል 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ የሙቀት መከላከያውና ልባጡ 20 ገደማ ሲወስዱ 2.45 ይቀራል። ከፍታው ከ1.50 በላይ የሆነው ቦታ ስፋቱ 2.7 ሜትር ብቻ ነው፤ 2 ሜትር ቁመት የሚገኝበትማ 1.3 ሜትር ገደማ፣ ከኮሪደር የማይሰፋ። ያው ቤት በ45 ዲግሪ ቢሠራ ኖሮ የመጀመሪያው ስፋት ወደ 4.3 ሜትር ይደርስ ነበር። ጣሪያው ዝቅ ያለ ከሆነ መፍትሔው ዶርመር ነው፤ በኋላ በኩል ተዳፋቱን ከፍቶ ቀጥ ያለ ግድግዳና መስኮት ማቆም። የዶርመሩ ጠፍጣፋ ጣሪያ በሜትር 2.5 ሳንቲ ሜትር ዘንበል ይበል፤ ካነሰ ውሃ ያቁራል።

የኮርኒሱ እንጨት ወለል አይደለም። የተሠራው ኮርኒሱን ብቻ እንዲይዝ ነው፣ ጣውላ ስለተመታበት አይጠነክርም። ለመኖሪያ ክፍል በካሬ ሜትር 150 ኪሎ የአገልግሎት ጭነት ቢታሰብ፣ 4 በ5 ሜትር የሆነ ክፍል ከራሱ ክብደት ሌላ 3 ቶን ይሸከማል። ለ4 ሜትር ርቀት 5 በ20 የሆነ እንጨት በየ40 ሳንቲ ሜትሩ ጥሩ መነሻ ነው፤ የመጨረሻውን ልክ መሐንዲስ ይወስን። አዲሶቹ እንጨቶች ከኮርኒሱ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበሉ፤ ከነኩት ሰው በተራመደ ቁጥር ኮርኒሱ ይሰነጠቃል።

እንጨቶቹ ከፊት ወደ ኋላ ከተዘረጉ ከዚያ ሸክም ጥሩ ድርሻው የኋለኛው ግድግዳ ላይ ያርፋል። ያ ግድግዳ ለቅጥያው ሲከፈት ቦታውን የሚረከበው ቢም ጣሪያውንም አዲሱን ወለልም መቻል አለበት። ለጣሪያው ብቻ የተሰላ ቢም ከገባ በኋላ የላዩን ክፍል መጨመር፣ ያለቀውን ኩሽና አፍርሶ እንደገና መጀመር ነው። መሃል ግድግዳዎች የሚመቹ ከሆነ እንጨቶቹን ከጎን ወደ ጎን ማዞር ይሻላል፤ ቢሙ በብዙ ይቀላል።

ቢሙ በሁለቱም ጫፍ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይረፍ፣ ሥሩም የኮንክሪት መደላድል ይኑረው። ከሥሩ ያለው መሠረት አሁን ተሰብስቦ የመጣ ሸክም ስለሚቀበል፣ አጠገቡ ጉድጓድ አስቆፍረው ጥልቀቱንና ስፋቱን ይዩ። የተለመደው ጥፋት ቢሙ ገብቶ ከላዩ ያለው ክፍተት በደረቅ ሲሚንቶ ሳይጠቀጠቅ ድጋፉን ማንሳት ነው። ያኔ ግድግዳው ክፍተቱን ለመሙላት ይወርዳል፣ ስንጥቁም ከላይ ይታያል።

የዝቅተኛ ቤት ሌላው ራስ ምታት የጣሪያው ክፈፍ ነው። ክፈፉ 2.40 ሜትር ላይ ከሆነና የቅጥያው ጣሪያ ከሥሩ ከገባ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረቱ ሲቀነስ ውስጡ 2.10 ይቀራል። ዶርመር ካለ ግን የቅጥያው ጣሪያ ከፍ ብሎ በመስኮቱ ደፍ ሥር ሊገጥም ይችላል፤ በመሃሉ 15 ሳንቲ ሜትር የላሜራ መጋጠሚያ ይተዉ። ይኸው፣ አንዱ ሥራ ሌላውን ሲያግዝ።

ደረጃው ወለል ይበላል። ከወለል እስከ ወለል 2.70 ከሆነ 18 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያላቸው 15 እርከኖች ያስፈልጋሉ። በ25 ሳንቲ ሜትር መርገጫ ርዝመቱ 3.50 ነው፣ የላይና የታች መቆሚያው ሳይቆጠር። ከጭንቅላት በላይ 2 ሜትር እንዲገኝ መውጫው ቁንጮው ሥር ይሁን። አንድ መኝታ ቤት አጥፍቶ አንድ የሚያስገኝ ደረጃ ትርፉ ምንድን ነው? በእሳት ጊዜም ወደ ውጭው በር የሚያደርስ እንጂ ክፍት ኩሽና ውስጥ የሚጥል አይሁን።

ማንሆሉ ቅጥያው ሥር የሚውል ከሆነ መሠረት ሳይፈስ ያዛውሩት። የላዩ መታጠቢያ ቤት ከታችኛው አናት ላይ ይሁን፤ 110 ሚሊ ሜትር የሆነው ቱቦ በእንጨቶቹ መካከል እንጂ እነሱን ሰንጥቆ አያልፍም።

ቅደም ተከተሉ፦ የቅጥያው መሠረትና ግድግዳ፣ ቢሙ፣ የላዩ ወለል፣ ከዚያ ጣሪያውን መክፈት። ደረጃውን ግን የታችኛውም የላይኛውም ወለል ንጣፍ ሳያልቅ አያዝዙ። 2 ሳንቲ ሜትር ልዩነት የመጀመሪያውን ወይም የመጨረሻውን እርከን ከሌሎቹ ያዛባዋል፣ ሰው የሚሰናከለውም እዚያ ላይ ነው።