አንድሮይድንና አይፎንን በአጠቃቀም ምቾት እንዴት ማወዳደር ይቻላል?

«አይፎን ይሻላል ወይስ አንድሮይድ?» የሚለው ክርክር መቋጫ የማያገኘው ተከራካሪዎቹ ብዙውን ጊዜ የሚያወዳድሩት የየራሳቸውን ልምድ ስለሆነ ነው። ለዓመታት አንዱን የለመደ እጅ ሌላውን ሲይዝ መደናገሩ አይቀርም፤ ያ ግን የስልኩን ድክመት አያረጋግጥም። የሚከተለው ዘዴ ሁለት ስልክ፣ ጥቂት ሰዎችና አንድ የሰዓት መቁጠሪያ ብቻ ይፈልጋል።

በመጀመሪያ ምን ከምን ጋር እንደሚወዳደር ይወስኑ። የአይፎኑ ስርዓተ ክወና (ስልኩን የሚያሠራው ሶፍትዌር) አይኦኤስ ከአንድ አምራች ስለሚወጣ ከስልክ ስልክ ብዙም አይለያይም። አንድሮይድ ግን በየአምራቹ መልኩን ይቀይራል፤ ሳምሰንግ ዋን ዩአይ፣ ቴክኖ ሃይኦኤስ፣ ኢንፊኒክስ ኤክስኦኤስ የሚሉትን ገጽታ ደርበውበታል። ስለዚህ የስልኩን ሞዴልና የስርዓቱን እትም ይመዝግቡ። ዋጋቸውም ይቀራረብ፤ ርካሽ ስልክን ከውድ አይፎን ጎን አስቀምጦ «አንድሮይድ ይንቀራፈፋል» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ከዚያ አምስት ወይም ስድስት የዘወትር ሥራዎችን ይምረጡ። ትእዛዙ መንገዱን ሳይሆን ውጤቱን ይናገር። «ቅንብሮች ውስጥ ገብተህ ማሳወቂያ የሚለውን ንካ» ካሉ መልሱን ነግረውታል፤ «ይህ መተግበሪያ ሌሊት እንዳይረብሽህ አድርግ» ይበሉት።

የሁለቱን ልዩነት ብዙ የሚያጋልጡ ሥራዎች አሉ። አንዱ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ከ2019ኙ አንድሮይድ 10 ወዲህ፣ የጣት እንቅስቃሴ አሠራሩ ከተመረጠ፣ ከስክሪኑ ግራ ወይም ቀኝ ጠርዝ ወደ ውስጥ ማንሸራተት ይመልሳል። አይፎን ላይ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከግራ ጠርዝ ማንሸራተት ወይም ከላይ በግራ ያለውን ቀስት መንካት ነው፤ ስልኩ ትልቅ ሲሆን ለቀኝ አውራ ጣት ሩቅ ነው። ሌላው ፎቶ መላክ ነው። ሁለት አንድሮይዶች በብሉቱዝ ይላላካሉ፤ አይፎን ግን በተለመደው ብሉቱዝ ፎቶ ለአንድሮይድ አይልክም። ቤተሰቡ የተቀላቀለ ስልክ የሚይዝ ከሆነ ይህ ሥራ ከዝርዝሩ አይቅር። በአማርኛ አንድ አንቀጽ መጻፍና የጽሑፉን መጠን ማሳደግም ይካተቱ፤ በተለይ ስልኩ ለእናት ወይም ለአባት የሚገዛ ከሆነ።

በሁለት ሲም መደወልን ከጨመሩ አንድ ነገር ያስተውሉ፦ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ አይፎን 14ም ሆነ ከእሱ ወዲህ የወጣው የሲም ካርድ ማስገቢያ የለውም፤ የሚሠራው በኢሲም (ካርድ በማይፈልግ፣ ስልኩ ውስጥ በተገጠመ ሲም) ነው።

ሞካሪዎችን ሲመርጡ ግማሹ አንድሮይድ፣ ግማሹ አይፎን የለመዱ ይሁኑ። ከየወገኑም ግማሹ በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው ስልክ ይጀምሩ፤ አንድን ሥራ ሁለተኛ ጊዜ መሥራት ይቀላልና ተራው ካልተፈራረቀ ኋላ የተሞከረው ስልክ ያለ ዋጋው ይመሰገናል። ሲሠሩ አያግዟቸው። ከባዱ ይህ ነው፤ እጅ ይበላል። የወሰደውን ሰከንድ፣ የተሳሳተውን መንገድና ሥራው መጠናቀቁን ብቻ ይጻፉ።

ስሜታቸውንም ይለኩ። ጆን ብሩክ በ1986 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያዘጋጁት፣ ኤስዩኤስ (System Usability Scale) የሚባለው የአጠቃቀም ምቾት መለኪያ ለዚህ ይበቃል። አሥር ዓረፍተ ነገሮች አሉት፤ ለእያንዳንዱ ከ1 (በፍጹም አልስማማም) እስከ 5 (በጣም እስማማለሁ) ይሰጣል። ጎዶሎ ቁጥር (1፣ 3፣ 5…) ያላቸው ዓረፍተ ነገሮች የሚያሞግሱ፣ ሙሉ ቁጥር (2፣ 4፣ 6…) ያላቸው የሚነቅፉ ናቸው። ከእያንዳንዱ ጎዶሎ ነጥብ ላይ 1 ይቀንሱ፤ የእያንዳንዱን ሙሉ ነጥብ ከ5 ላይ ይቀንሱ፤ ሁሉንም ደምረው በ2.5 ያባዙ። ድምሩ 30 ከሆነ ውጤቱ 75 ነው። እንደ መቶኛ ግን አይነበብም፤ በብዙ ጥናቶች አማካዩ 68 አካባቢ ነው።

በመጨረሻ ሰዎቹ ያልለመዱትን ስልክ ለአንድ ሳምንት ይያዙና እነዚያኑ ሥራዎች ይድገሙ። ሰዓቱ በጣም ያጠረበት ሥራ ቀድሞም የልምድ ጉዳይ ነበር፤ አሁንም የሚያደናቅፋቸውን በስርዓቱ ላይ ይቁጠሩበት።